ይገዙ ያዘገየው መርዶ

ባሌ ይገዙ መቀመጥ አይሆንለትም። ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ስልክ ያወራል፣ ጸጉሩን እንኳ ሲቆረጥ "ጨረስክ?" እያለ ሰውዬውን ያስጨንቀዋል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ሲያይ አላየሁትም። መሃል ላይ ብድግ ይልና መስኮት ጋ ሄዶ ቫኑ እንዳለ ያያል። "ማን ይወስድብሃል ያንን ቅራቅንቦ?" እለዋለሁ። አይሰማኝም። ይኼ አመል ድሮም ነበረበት፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን ባሰበት።

ስለ እሱ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብዙ ይወራል። ግማሹ "ጴንጤ ሆኗል" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ጥቁር አሜሪካኖቹ የሆነ ነገር አስነክተውት ነው እንጂ ያለ ደሞዝ ማን እንዲህ ይለፋል?" ይላል። ወሬ ነው። እኔ ዘርትሁን ሚስቱ ነኝ፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከጥፋቱም የራሴ ድርሻ አለኝ። ስለዚህ ከእኔ ስሙት። ሰዓት ስጠራ ደግሞ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

አሜሪካ የገባነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት፣ በዲቪ ነው። ይገዙ ደሴ እያለን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እዚህ ሲመጣ ሥራው ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ማመላለስ ሆነ። በመጀመሪያው ዊንተር፣ ጃንዋሪ ላይ፣ ቀነሱት። ልጃችን ሰሊና ስምንት ወሯ ነበር። የቤዝመንታችን ማሞቂያ ይጮሃል እንጂ አያሞቅም። ፍሪጁን ከፍቼ እዘጋዋለሁ፣ ደግሞ እከፍተዋለሁ፣ ምንም አይጨመርበትም።

ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ‹ኒው ኬድሮን ባፕቲስት› የሚባል የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ነበር፤ ጥግ ላይ የቆመ፣ በቀይ ሸክላ የተሠራ። ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ያበሉና አስቤዛ በከረጢት ያድላሉ። ሰልፉ ግድግዳውን ታክኮ እስከ ላውንድሪው ይደርሳል። ይገዙ ከዚያ ሰልፍ ማዶ ባለው የእግር መንገድ ሦስት ማክሰኞ አለፈ። "ሰው ያየኛል" ይለኛል። "ማን ነው የሚያይህ? እዚህ አገር ማን ያውቅሃል? ደሴ መናኸሪያ ያለህ መሰለህ?" ብዬ ጮህኩበት። በአራተኛው ማክሰኞ ሄደ፤ ግን ሰልፉ ላይ ላለመታየት በጓሮ በር ገባ።

የጓሮው በር የሚያስገባው ኩሽና ነው። እዚያ አንዲት ረጅም ሴት ሽርጥ አሸርጠው ቆመዋል። አዩትና "በጓሮ የሚገባ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሠራተኛ ነው። አንተ የትኛው ነህ?" አሉት። ማዘር ኦዴሳ ናቸው። እነሱ ጋ ማዘር ማለት በዕድሜም በአገልግሎትም የከበረች ሴት ማለት ነው። እንደኛ እማሆይ አልመነኮሱም፣ አግብተው ወልደዋል፣ ግን ሲናገሩ ፓስተሩም ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ይገዙ ካለችው እንግሊዝኛ "ዎርከር" የምትለዋን አወጣ። እሳቸውም የሽንኩርት ጆንያ ጎትተው ፊቱ ጣሉለት። እስከ ሦስት ሰዓት ሲልጥ ዋለና ሁለት ከረጢት አስቤዛ ተሸክሞ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲያ ቀረ? አልቀረም። የአካል ጉዳተኞች ቫን የሚነዳበት ሥራ ካገኘ በኋላም ማክሰኞን ኦፍ እያደረገ ይሄዳል። በኋላ የቤተክርስቲያኑን ቫን ሰጡት፣ እሑድ እሑድ አዛውንቶቹን ከየቤታቸው መልቀም ያዘ። "የእኛ ቅዳሴስ?" ስለው ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ግማሹን ያስቀድስና ሳይሰናበት ይወጣል። የንስሐ አባታችን ጠርተው "ልጄ፣ ምን ነካህ?" አሉት። "አባ፣ እኔ እኮ መኪና ነው የምነዳው" አላቸው። ሳቁና ተዉት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አኩርፌ ነበር። ቤት ውስጥ አምፖል ተቃጥሎ ሳምንት ይቆያል፣ እዚያ ሄዶ የሰው ቧንቧ ይጠግናል። ያ ቤት ምን እንደሚሠራ ካየሁ በኋላ ግን አፌን ዘጋሁ። ምሳ ብቻ አይደለም። ደም ግፊት ይለካል። ከእስር የወጣ ልጅ ሥራ ሲያመለክት ፓስተሩ "አውቀዋለሁ" ብሎ ይጽፍለታል። መብራት ሊቆረጥበት ለደረሰ ሰው ተቀምጦ ስልክ የሚደውልለት አለ። የእኛ እድር እንኳ በየወሩ የሚሰበሰበው እዚያ ቤዝመንት ነበር፤ አንድም ቀን "እናንተ ማን ናችሁ?" ያለን የለም። በጾማችን ማዘር ኦዴሳ ጎመኑን ያለ ሥጋ ለይተው ይሠሩለታል። "ይኼ ሰውዬ በዓመት ስንት ቀን ነው የሚበላው?" እያሉ ያስቁኝ ነበር።

ሰፈሩ ግን ተለወጠ። አንዱ ቤቱን ሸጠ፣ አንዱን ኪራይ አስወጣው፣ አንዱ ታክሱን አልቻለም። ምእመኑ ወደ ሄርንደን፣ ወደ ፔትዎርዝ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተበተነ። ማዘር ኦዴሳ ራሳቸው አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው ሜሪላንድ፣ አስፐን ሂል የአረጋውያን አፓርትመንት ገቡ። በምትካቸው የመጡት ጎረቤቶች እሑድ ውሻቸውን ይዘው ሲወጡ "መኪናችሁ መንገድ ዘጋ" ብለው ፖሊስ ይጠራሉ። የማክሰኞው ሰልፍ ግን አላጠረም። ድኻው መች ሄደ? አንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ ተጨናንቆ ቀረ እንጂ። እሑድ እሑድ ያንን ሁሉ የተበተነ ሰው መልሶ የሚሰበስበው ቫኑ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት የቤተክርስቲያኑ ማሞቂያ ሞተ፣ ጣሪያውም ማፍሰስ ጀመረ። ወዲያው ቦታውን ለአፓርትመንት የፈለገ ሰው መጣ። ምእመኑ ሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እንሽጠውና ሜሪላንድ፣ ብዙዎቻችን ባለንበት፣ ሰፊ ፓርኪንግ ያለው እንሥራ" አለ። ክፉዎች አይደሉም፤ ደክሟቸው ነው። ማዘር ኦዴሳ "ማክሰኞ የሚሰለፈው ሰው መኪና የለውም። ሜሪላንድ ድረስ ማን ያመጣዋል?" አሉ። ነገሩ በድምፅ እንዲለይ ኖቬምበር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተቆረጠ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

በደንባቸው የሚቆጠረው በአካል ተገኝቶ እጁን ያወጣ ብቻ ነው። ውክልና የለ፣ ስልክ የለ። ይሸጥ የሚሉት ባለመኪና ናቸው። አይሸጥ የሚሉት አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፣ እነሱን የሚያመጣቸው ደግሞ ይገዙ ነው። እሱ ራሱ አባል ስላልሆነ እጁን ማውጣት አይችልም። ያን ሳምንት አበደ። የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ ይሥላል፣ ይቀደዋል፣ ደግሞ ይሥላል። ለቅዳሜ ሐሙስ ነው ቤንዚን የሞላው። "ዘርዬ፣ ይኼ ቤት ከተዘጋ እኔ ምን ልሆን ነው?" አለኝ። እንዲህ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ይሸጥ ከሚሉት አንዷ የማዘር ኦዴሳ ታናሽ እህት ቬርና ነበረች። እናታቸው ስትሞት ቬርና ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት ማዘር ኦዴሳ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጇ ከሬጂ ጋር ትኖራለች። በዚሁ የሽያጭ ነገር በስልክ ተጣሉና ተኳረፉ። ትንሽ ቆይቶ ቬርና ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች፣ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ። "ለክፉ አይሰጣትም" ተባለ። ማዘር ኦዴሳ አልሄዱም። "ከቅዳሜ በኋላ እሄዳለሁ። አሸንፌያት፣ ኬክ ይዤላት ነው የምሄደው" አሉኝ። እልኸኛ ናቸው። እሷም የሳቸው ልጅ ናት፣ እልኸኛ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ለስብሰባው ምሳ የሠራሁትን ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ ሳለ የይገዙ ስልክ ጮኸ። ሬጂ ነው። ይገዙ ስፒከር ላይ አደረገው። "ማሚ አረፈች። አንድ ሰዓት ሆናት" አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። "አንቲ ኦዴሳ ስልኳን አታነሳም። ሰው ስለ ድምፁ ሲጨቀጭቃት ሳምንቱን ሙሉ ዘግታዋለች። አንተ ልትወስዳት ትሄድ የለ? እባክህ ንገራት። እስከ እኩለ ቀን እዚህ ያቆዩልናል፣ ከዚያ ይወስዷታል። መጥታ ትሰናበታት።"

ይገዙ "እሺ፣ እሺ" ብሎ ዘጋ። ተያየን። መጀመሪያ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ይኼን የምናገረው አፍሬ ነው። "በር ላይ? ብቻቸውን? እህል ሳይቀምሱ? በሰባ ስምንት ዓመታቸው? ኧረ በሕግ አምላክ!" አልኩት። እኛ ሰው እንዲህ አናረዳም። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆማል፣ ያኔ አንድ ትልቅ ሰው ቃሉን ያወጣል። በመኪና መስኮትማ ለጠላትም አይነገር። ይገዙም "ልክ ነሽ" አለ። "አሥር ሰዓት ላይ ቤተክርስቲያን እንደርሳለን። ፓስተሩና እናቶቹ ከበብ አድርገው ይንገሯቸው። ከዚያ እኔ ራሴ ቀጥታ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ። ከእኩለ ቀን በፊት እንደርሳለን።" ጥሩ ሐሳብ መሰለን። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያን ሰዓት ስለ ድምፅ ያሰበ የለም።

ስምንት ሰዓት አልፎ አስፐን ሂል ደረስን። ማዘር ኦዴሳ ሐምራዊ ባርኔጣቸውን ደፍተው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። እንደ ወትሮው ከፊት፣ ከይገዙ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ሳምቡሳ በናፕኪን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። "ቁርስ በልቻለሁ" አሉ። ‹በሞቴ› ማለት በእንግሊዝኛ አይወጣልኝም፤ ዝም ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። "ዛሬ ምን ሆነሻል አንቺ?" ብለው ሳቁና በሉ።

ሌሎቹን እየለቀምን ስንወርድ ማዘር ኦዴሳ በቬርና ላይ ማማረር ያዙ። "ለስላሳ ወንበር ለምዳ፣ ፓርኪንግ፣ ፓርኪንግ ትለኛለች! ጫማዋን እያሰርኩ ያሳደግኳት ልጅ!" ከኋላ ያሉት ይስቃሉ። ይገዙ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መስታወቱን ያነሳል፣ ያወርዳል። ብርዱ ቆንጥጦ ይይዛል፣ እሱ አንገቱ ላይ ላብ ይወርዳል። አንዷ ዱላዋን፣ አንዷ ጥርሷን ስትፈልግ ጊዜው ሄዶ ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ መብራት ያዘን። ማዘር ኦዴሳ ድንገት ማማረሩን ትተው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። "ሆስፒታሉ እዚህ ጋ አይደል?" አሉ። "እስቲ ታጠፍ፣ አምስት ደቂቃ ልያት። ባኮርፋትም እህቴ ናት።"

በል እንግዲህ ታጠፍ፣ አልኩ በልቤ። መንገዱን እግዜር ራሱ ከፍቶልናል፤ እዚያ ሬጂ አለ፣ ነርሶቹ አሉ፣ እሷም ገና አልተወሰደችም። ይገዙ በመስታወቱ ከኋላ የተቀመጡትን አዛውንቶች አየ፤ ዐሥራ ሁለት ናቸው። እኔን አየ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

"ማዘር፣ ይረፍድብናል" አለ። "ከስብሰባው በኋላ እኔ ራሴ አመጣዎታለሁ።"

"እሺ፣ አንተ ካልክ" አሉት። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዋሽቷቸው አያውቅም። ቫኑ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ አደጋ ነበር፤ ቆመን ቀረን። ይገዙ መሪውን በጣቱ ይደበድባል። አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ይገዙ ሮጦ ፓስተሩን ያዘው። "ላናግርህ" አለው። ፓስተሩ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ "ከስብሰባው በኋላ፣ ብራዘር" ብሎ አለፈ። ይገዙ አልተከተለውም። እኔ ክንዱን ጨምድጄ በአማርኛ "ተከተለው እንጂ! ንገረው!" አልኩት።

"አሁን ከሰሙ ይሄዳሉ" አለኝ። "እሳቸው ከሄዱ እናቶቹ በሙሉ ተከትለዋቸው ይሄዳሉ። ቫኑን የምነዳውም እኔ ነኝ። ከዚያ ማን ቀረ እጁን የሚያወጣ?" በኋላ ብዙ መልስ መጣልኝ፣ ያኔ ግን ክንዱን ለቀቅኩ።

ማዘር ኦዴሳ ለመናገር ተነሱ። ወረቀታቸውን አላዩም። ስለ ማክሰኞው ሰልፍ ተናገሩ፣ በዚያ በር ስለገባው ሰው ሁሉ ተናገሩ፣ ሰው ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ድምፃቸው ተቆጣ። "የገዛ እህቴ ቬርና ይሸጥ ብላለች" አሉ። "ይኼ ቤት አብልቷት፣ ይኼ ቤት ድሯት! አፍሬባታለሁ። በሁላችሁ ፊት ነው የምለው፣ አፍሬባታለሁ! ሆስፒታል ሆና ይኼን ብትሰማኝ ደስ ባለኝ!" ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ በሁለት እጄ ጆሮዬን ያዝኩ። ሙት አሙ፣ ያውም ልጃቸውን፣ ያውም እኛ እያወቅን። አቤት ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ይገዙ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

እጅ ተቆጠረ። ዐርባ ስድስት አይሸጥ፣ ዐርባ ሦስት ይሸጥ። ቤቱ ተረፈ። መዝሙሩ፣ እልልታው፣ መተቃቀፉ! አይሸጥ ያሉት ብቻ አይደሉም፤ የተሸነፉትም መጥተው ማዘር ኦዴሳን ሳሙ።

ያኔ ነው እንግዲህ እንደ አገራችን ያደረግነው። እናቶቹን ጠርተን ወንበር አቀረብን፣ ከበቧቸው፣ እኔ ትከሻቸውን ያዝኩ። ይገዙ ፊታቸው ተንበረከከ። "ማዘር፣ ቬርና…" ብሎ ቃሉ ጠፋበት።

"ቬርና ምን? ማሸነፌን ሰማች እንዴ?" አሉ እየሳቁ።

"ዛሬ ጠዋት አረፈች።"

ይጮኻሉ ብዬ አጥብቄ ያዝኳቸው። አልጮኹም። የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። "አንተ መቼ ሰማህ?" አሉት። "ሰባት ሰዓት ላይ" አለ። ሲያስቡ አየኋቸው፤ አስፐን ሂልን፣ ጆርጂያ አቬኑን፣ መብራቱን፣ ንግግሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ታውቂ ነበር?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። "ለዚህ ነዋ ያስበላሽኝ" አሉና እጄን ከትከሻቸው ላይ አነሱት።

ሦስታችን ብቻ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለስን። ማዘር ኦዴሳ ከፊት አልተቀመጡም፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ሆስፒታል ስንደርስ አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ሬጂ የእናቱን ነጠላ ጫማ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። "አንቲ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እኮ ስጠብቅሽ ነበር" አለ። አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶት ነው። እኩለ ቀን ላይ ወስደዋታል። ማዘር ኦዴሳ ከረጢቱን ተቀበሉትና አንዱን ጫማ አውጥተው በመዳፋቸው አሹት፣ የበረደው እግር እንደሚያሞቁ።

ወደ ሬጂ ቤት ልናደርሳቸው ቫኑ ውስጥ ገባን። ይገዙ ቁልፉን አስገባ፣ ግን ሞተሩን አላስነሳም። ከኋላ ድምፃቸው መጣ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብትዋሸኝ አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ለድምፁ?"

ይገዙ መሪው ላይ ተደፋ። "ቤትዎ በር ላይ ስቆም ለእርስዎ ብዬ ነበር" አላቸው። "መብራቱ ጋ ስደርስ ግን ለድምፁ ነበር።"

ከዚያ ቫኑን አስነሳ፣ ሬጂ ቤት ደረስን። ልደግፋቸው ስወርድ በእጃቸው ከለከሉኝ። በራሳቸው ወርደው የይገዙን መስኮት አንኳኩ፤ አወረደው። "ያን ቤት በእህቴ ከፍለህ ነው ያተረፍከው" አሉት። "ማክሰኞ አርፍደህ እንዳላይህ።"

ይኼው አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ማክሰኞ በጠዋት ቫኑን ይዞ አስፐን ሂል ይሄዳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የለም። አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ማዘር ኦዴሳ ቀድመውታል። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በሁለት አውቶቡስና በባቡር ነው የሚመጡት። ኩሽናው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ለሁለት መቶ ሰው ምሳ ይሠራሉ። "ጨው አቀብለኝ" ይሉታል። ያቀብላቸዋል። ሌላ ነገር አያወሩትም።